ሄንሪክ ኢብሰንና የተውኔት ዕቅድ

የቴሌቪዥን ድራማ ለመጻፍ የሚነሣ ጀማሪ ደራሲ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያስበው ገጸ ባሕርያቱ ስለሚናገሩት ቃል ነው። ከቃሉ በፊት ግን መወሰን ያለበት ነገር አለ። ይህንንም ቴሌቪዥን ከመፈልሰፉ በፊት ከኖረው ከኖርዌያዊው ጸሐፌ ተውኔት ከሄንሪክ ኢብሰን ሕይወት መረዳት ይቻላል።

ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1828 ስኪየን በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ከሰረ ቤተሰቡ ለችግር ተዳረገ። ስለዚህ ኢብሰን በ15 ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ግሪምስታድ በምትባል ትንሽ ከተማ የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት ሆነ። ቀን እየሠራ፣ ሌሊት እያነበበና እየጻፈ የመጀመሪያ ተውኔቱን በ1850 አሳተመ። ከ1851 እስከ 1857 በበርገን ቲያትር ቤት ሲያገለግል ከመቶ የሚበልጡ ተውኔቶች ለመድረክ ሲዘጋጁ ተካፋይ ነበር። በ1864 ከአገሩ ወጥቶ 27 ዓመት ያህል በኢጣሊያና በጀርመን ኖረ።

የአጻጻፍ ዘዴው በይበልጥ የሚታየው «የአሻንጉሊት ቤት» በተባለው ተውኔቱ ነው። መነሻው በእውን የደረሰ ነገር ነበር። ወዳጁ የነበረችው ደራሲ ላውራ ኪለር የታመመውን ባሏን ለማሳከም በምስጢር ገንዘብ ተበደረች። ዕዳው ሲያስጨንቃት ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጀች፤ ነገሩ በተገለጠም ጊዜ ባሏ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚታከሙበት ሆስፒታል አስገባት።

ኢብሰን ይህን ታሪክ ይዞ በቀጥታ ንግግር ወደ መጻፍ አልሄደም። ኦክቶበር 19 ቀን 1878 ሮም ሳለ በአጭር ማስታወሻ የተውኔቱን ፍሬ ነገር አሰፈረ፤ ይኸውም ሴት ወንዶች ባወጡት ሕግ ስትዳኝ የሚደርስባት ጭንቅ ነው። ባለታሪኳ ለፍቅር ስትል ሕግ የጣሰች ሚስት፣ ባሏም ከፍቅር ይልቅ ሕግንና የሰውን አስተያየት የሚያስቀድም እንዲሆኑ ወሰነ። ቀጥሎም የየገቢሩን አካሄድ ነደፈ። ከዚያ በኋላ በ1879 ረቂቁን ጻፈ፤ ረቂቁንም እንደገና አሻሻለው።

ይሁን እንጂ ዕቅዱ እጁን አላሰረውም። በማስታወሻው የሴቲቱ መጨረሻ ተስፋ መቁረጥና ጥፋት ነበር። በተጠናቀቀው ተውኔት ግን ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ ራሷን ለማወቅ ከቤት ትወጣለች። ፍሬ ነገሩ አስቀድሞ ተለይቶ ስለ ነበረ መጨረሻው ቢለወጥም ተውኔቱ አልተናጋም። በዲሴምበር 1879 በኮፐንሃገን የታተመው 8000 ቅጂ በአንድ ወር ውስጥ አለቀ። ተውኔቱም በመድረክ በታየባቸው አገሮች ሁሉ ስለ ትዳር ብርቱ ክርክር አስነሣ። ኢብሰን በ1891 ወደ አገሩ ተመልሶ በ1906 አረፈ።

የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲም ፍሬ ነገሩን፣ ገጸ ባሕርያቱንና የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ቢነድፍ ይጠቀማል። በወረቀት ላይ አንድን ትዕይንት መሰረዝ ቀላል ነው፤ ተዋንያን ከተሰበሰቡና ካሜራ ከተተከለ በኋላ ግን የብዙ ሰው ድካም በከንቱ ይቀራል።