ዣን ሜርሞዝ፤ የፖስታ መስመር አይሮፕላን ነጂ

በአየር መንገድ ሙያ ታሪክ ውስጥ እንደ ፈረንሳዊው ዣን ሜርሞዝ ስማቸው ጎልቶ የሚጠራ ነጂዎች ጥቂቶች ናቸው። ስለ እርሱ የጻፉት አብዛኞቹ ግን ከደመና በላይ እንደሚኖር ጀግና አድርገው ስለሚስሉት፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደርና ለበረራ ሰሌዳ የሚታዘዝ የመስመር ነጂ መሆኑ ይረሳል። ለእኛ ለሙያ ባልደረቦቹ የሚጠቅመን ይኸው የተረሳው ወገኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜርሞዝ በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በኦባንቶን ዲሴምበር 9 ቀን 1901 ተወለደ። ወላጆቹ ስለ ተለያዩ እናቱ አሳደገችው። በ1920 ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በ1921 የነጂነት ፈቃድ አገኘ፤ ቀጥሎም በሶርያ አገለገለ። በ1924 ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ፓሪስ ሲገባ፣ ከጦርነቱ የተረፉ ሥራ ፈት ነጂዎች ከተማውን ሞልተውት ነበር። ስለዚህ በፖስታ ላይ አድራሻ እየጻፈና የሌሊት ዘበኛ ሆኖ እየሠራ፣ አንዳንድ ቀንም ጦሙን እያደረ ወራት አሳለፈ።

በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ በቱሉዝ ከተማ የነበረው የላቴኮኤር የአየር መስመር ጠራው። የመስመሩ ኃላፊ ዲዲዬ ዶራ አዲስ ገቦችን ወዲያው አይሮፕላን የሚያስነዳ ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ ከመካኒኮች ጋር ሞተር ያሳጥባቸው ነበር። የፈተናው ቀን ሲደርስ ሜርሞዝ ችሎታውን ለማሳየት አይሮፕላኑን በአየር ላይ እያገላበጠ ልዩ ልዩ ትርኢት አሳየ። ዶራ አላደነቀውም። ድርጅቱ የሰርከስ ተጫዋች እንደማያስፈልገው ገለጸለትና ያለ ምንም ጌጥ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ እንዲያርፍ አዘዘው። ሜርሞዝ በቁጣ ጓዙን ሊሸክፍ ከተነሣ በኋላ ታዘዘ፤ ተቀጠረም። በእኔ አስተያየት ከኋላ ስሙን ካስጠሩት በረራዎች ሁሉ ይልቅ ነጂ ያደረገው ይህ ሁለተኛው፣ ማንም ያላጨበጨበለት በረራ ነው።

ከቱሉዝ በካዛብላንካ አድርጎ እስከ ዳካር የሚዘልቀው መስመር ያን ጊዜ የሚሠራው ሞተራቸው አዘውትሮ በሚቆም አሮጌ የጦር አይሮፕላኖች ነበር። በ1926 ሜርሞዝ በሰሐራ ዳርቻ ለማረፍ ተገዶ በዘላን ጎሣዎች እጅ ወደቀና ድርጅቱ ቤዛ ከፍሎ አስለቀቀው። በ1927 ድርጅቱ ባለቤት ለውጦ ኤሮፖስታል ሲባል፣ ሜርሞዝ መስመሩን በደቡብ አሜሪካ እንዲዘረጋ ተላከ።

እዚያ የገጠመው ችግር የሙያው ዋና ጥያቄ ነበር። አይሮፕላን ቀን የቀደመውን ያህል፣ ሲመሽ ባረፈበት ቦታ ሲያድር ባቡርና መርከብ መልሰው ይቀድሙታል። እንግዲህ ፖስታው ሌሊትም ካልበረረ የአየር መስመር የሚባለው ነገር ብዙ ትርጉም የለውም። በኤፕሪል 1928 ሜርሞዝ ከሪዮ ደ ዣኔይሮ ወደ ቦነስ አይረስ በሌሊት በረረ። የማረፊያው ምልክት በሜዳ ላይ የሚነድ ቤንዚን ነበር። ባልደረቦቹ ዕብደት ነው ያሉት ሥራ ብዙም ሳይቆይ የዘወትር ተግባር ሆነ። በማርች 1929 ከመካኒኩ ከአሌክሳንደር ኮልኖ ጋር በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ የተሰበረ አይሮፕላናቸውን በብርድ ውስጥ ለቀናት ሲጠግኑ ሰንብተው በገደል አፋፍ ተነሥተው ወጡ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ውቅያኖሱ ነበር። ፖስታው ከአፍሪካ እስከ ብራዚል በመርከብ ስለሚሻገር ቀናት ይባክኑ ነበር። ሜይ 12 ቀን 1930 ሜርሞዝ ከናቪጌተሩ ከዣን ዳብሪና ከሬዲዮ ሠራተኛው ከሊዮፖልድ ዢሚዬ ጋር ባለ አንድ ሞተር፣ ተንሳፋፊ እግር የተገጠመለት ላቴ 28 አይሮፕላን ይዞ ከሴኔጋል ሴን ልዊ ተነሣ። በምድር ወገብ አካባቢ ባለው የማዕበል ቀጠና ዝናቡና ጨለማው ከባሕሩ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲበር አስገደደው። ከ21 ሰዓት ያህል በረራና ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ በኋላ ናታል ደረሱ። በመልሱ ጉዞ በጁላይ የሞተሩ ዘይት ስለ ፈሰሰ በአንዲት የድርጅቱ መርከብ አጠገብ ባሕር ላይ አረፉ። አይሮፕላኑ ሰጠመ፤ ሰዎቹና ፖስታው ዳኑ።

ኤሮፖስታል በ1931 ከሰረ። ሜርሞዝ በጃንዋሪ 1933 ኩዚኔ በሠራው ባለ ሦስት ሞተር አይሮፕላን ውቅያኖሱን ዳግመኛ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ኤር ፍራንስ ሲመሠረት የመስመሩ ቀዳሚ ነጂ ሆነ። በፖለቲካም ገብቶ በ1936 የኮሎኔል ደ ላ ሮክ ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ ይህን የሕይወቱን ክፍል አድናቂዎቹ ዘለው ማለፍ ይወዳሉ።

ከ1936 መጀመሪያ ጀምሮ ፖስታው በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ በአይሮፕላን ይሻገር ነበር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በፌብሩዋሪ የአንዲሱ ጓደኛው ኮልኖ የተሳፈረበት አይሮፕላን በውቅያኖሱ ላይ ጠፍቶ ቀረ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1936 ማለዳ ሜርሞዝ ለ24ኛ ጊዜ ውቅያኖሱን ሊሻገር ባለ አራት ሞተሩን ላቴ 300፣ ክሯ ዱ ሱድን፣ ይዞ ከዳካር ተነሣ። አብረውት ፒሾዱ፣ ኤዛን፣ ክሩቬዬና ላቪዳሊ ነበሩ። አንደኛው ፕሮፔለር ስላስቸገረ ተመለሰ። ሌላ አይሮፕላን መጠየቁና ዝግጁ የሆነ አለመኖሩ ይነገራል። መካኒኮቹ በችኮላ ጠገኑለት፤ ፖስታው እንዳይዘገይ ብሎ እንደገና ተነሣ። መነሣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? በእርሱ ቦታ የቆመ ነጂ ሁሉ የፊቱን ሰዓትና የኋላውን ሞተር እያነጻጸረ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ በሰሌዳ የታሰረ ሰው ብቻውን እንዲወስን መተዉን ከውሳኔው ይልቅ እወቅሳለሁ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ47 ላይ የኋላውን የቀኝ ሞተር ማጥፋታቸውን በሬዲዮ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ብዙዎች ፕሮፔለሩ ተነቅሎ የአይሮፕላኑን አካል ቆርጦታል ብለው ይገምታሉ። አይሮፕላኖችና መርከቦች ባሕሩን አሰሱ፤ ከአምስቱ ሰዎች አንድም አልተገኘም። ሜርሞዝ 35 ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።