ሕግ አውጪው አሲሞቭ

አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1920 ሩሲያ ውስጥ ተወለደ። ሦስት ዓመቱ ላይ ቤተሰቡ አሜሪካ ገባ፤ ብሩክሊን ውስጥ በአባቱ ከረሜላ ሱቅ እየሠራ አደገ። በኋላ የባዮኬሚስትሪ መምህር ቢሆንም ስሙን ያስጠራው ልብወለዱ ነው።

በ1942 ባሳተመው አጭር ታሪክ ለሮቦቶች ሦስት ሕግ አወጣ፦ ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ። ሲጋጩ የላይኛው ይቀድማል። በዚያው ታሪክ ግን ሮቦቱ ጠበቅ ተደርጎ ባልተሰጠው ትእዛዝና ራሱን በማዳን መሃል ተወጥሮ ዝም ብሎ ይዞራል። ያስለቀቀው አንድ ሰው ራሱን አደጋ ላይ መጣሉ ነው።

አሲሞቭ በ1992 ሞተ፤ ጣጣው ግን ለእኛ ተረፈ። ኮድ ለሚጽፍልኝ የኤአይ ረዳት ሕግ ሳወጣ፣ ቶሎ ጨርስ የሚለውና ሳታስፈቅደኝ ፋይል አታጥፋ የሚለው ሲጋጩ የቱ እንደሚቀድም እጽፍለታለሁ። ካልጻፍኩ እሱ ይመርጥልኛል።