ለጦርነት አትሆንም የተባለው የ51 ኪሎ ልጅ

አሜሪካ ውስጥ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። የዛሬው አሜሪካዊ ጦርነት ቢመጣ፣ ችግር ቢመጣ ይችለዋል ወይስ ተሞላቆ ቀርቷል የሚል ክርክር። ትልልቆቹ ወጣቱን ስልክ ላይ ተጥዶ የሚውል ልፍስፍስ ይሉታል። ክርክሩ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋው ትውልድ እንደ ማስረጃ ይጠራል። ድሮ ቀረ፣ ወንድ ማለት የዚያ ዘመን ወንድ ነበር ይባላል። ከዚያ ዘመን ስሞች አንዱ ሁሌም ከፊት ይመጣል፦ ኦዲ መርፊ።

እኛም ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ጀግንነቱን ብቻ ግን አይደለም። ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት ምን ተብሎ እንደነበርና ከጦርነቱ በኋላ ምን እንደከፈለ ካላወቅን ክርክሩ ራሱ አይገባንም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ኦዲ ሰኔ 20 ቀን 1925 በቴክሳስ ግዛት፣ ኪንግስተን በምትባል አካባቢ ተወለደ። ቤተሰቡ የራሱ መሬት አልነበረውም፤ የሰው ማሳ ላይ በእኩል እያረሰ ነበር የሚኖረው። ልጆቹ ደግሞ 12 ነበሩ፤ ኦዲ ሰባተኛው ነው። አባትየው እየሄደ እየመጣ ቆየና በመጨረሻ ጥሏቸው ጠፋ። በቃ፣ ኦዲ አምስተኛ ክፍል ሳለ ትምህርቱን አቁሞ በቀን 1 ዶላር ጥጥ መልቀም ጀመረ።

ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ይገባል። ጥንቸልና ሽኮኮ አድኖ ይመለሳል። ከሳተ ታናናሾቹ ጾማቸውን ያድራሉ፣ ስለዚህ መሳት የለበትም። በኋላ ዓለም ያደነቀለትን ተኩስ የተማረው በሠራዊት ማሰልጠኛ ሳይሆን እዚያ ነው፤ ራብ አስተማረው።

1941 ላይ እናቱ ሞተች። ገና 16 ዓመት አልሞላውም። ሦስቱ ታናናሾቹ ሕጻናት ማሳደጊያ ገቡ። የእናቱ ሞት እስከ ዕለተ ሞቱ ያልለቀቀው ሐዘን ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ አሜሪካም ጦርነት ገባች። ኦዲ ልዝመት ብሎ ተነሳ። ማሪኖቹ ጋ ሄደ፤ አይሆንም ተባለ። ባሕር ኃይል ጋ ሄደ፤ አይሆንም። አየር ወለዶቹም አልፈለጉትም። ዕድሜው አልደረሰም፣ ኪሎውም አልሞላም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ66 ገደማ፣ ክብደቱ 51 ኪሎ ብቻ ነበር። ፊቱም የሕጻን ፊት ነው።

ልጁ ግን ወይ ፍንክች። ታላቅ እህቱ ዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ጨምራ ፈረመችለት። ሰኔ 1942፣ 17 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ፣ ምድር ጦር ተቀበለው። ስልጠና ላይ ደግሞ ሰልፍ መሐል ራሱን ስቶ ወደቀ። አዛዡ ይሄ ልጅ ለውጊያ አይሆንም ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሊልከው ሞከረ። ኦዲ አሻፈረኝ ብሎ እግረኛ ወታደር ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ብረት ነበር የሚለው ወሬ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። በዚያ ጦርነት ለምርመራ ከቀረቡት አሜሪካውያን ወንዶች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለውትድርና ብቁ አይደለህም ተብሎ ተመልሷል። መጀመሪያ አካባቢ ብዙዎችን ያስመለሰው ምን መሰላችሁ? ጥርስ! የበሰበሰና ያለቀ ጥርስ። ዓይን፣ የአእምሮ ጤና፣ ከድህነትና ከምግብ እጥረት የመጣ በሽታም ነበረበት። ነገሩ መንግሥትን በጣም ስላሳሰበው ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፣ በ1946፣ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ሲወጣ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው ተብሎ ነው የወጣው። የተዘመተውም በፈቃድ ብቻ አልነበረም። ከ16 ሚሊዮኑ ወታደሮች አብዛኛዎቹ በግዳጅ ምልመላ የገቡ ናቸው።

ወደ ኦዲ እንመለስ።

በ1943 መጀመሪያ ሦስተኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተመድቦ ሰሜን አፍሪካ ደረሰ። ሐምሌ ላይ ሲሲሊ ደሴት ወረደ። እዚያ ውጊያውን ቻለ፤ ወባ ግን ጣለው። በዚያው ዘመቻ፣ በዚያችው ደሴት፣ ታዋቂው ጄኔራል ፓተን ሆስፒታል ሊጎበኝ ገብቶ ቁስል የማይታይባቸውን ሁለት ወታደሮች በተለያየ ቀን በጥፊ መታ። ፈሪዎች ናችሁ ብሎ ነው። ከሁለቱ አንዱ በኋላ ሲመረመር ወባ ተገኘበት። ያኔ የኦዲም የበላይ አዛዥ ፓተን ነበር። የአሜሪካ ዋና ጀግና የሚሆነውም ልጅ፣ በጥፊ የተመታውም ወታደር ያንኑ በሽታ ነበር የታመሙት። ጠንካራውን ከደካማው በዓይን መለየት ለጄኔራልም ከባድ ነው ለማለት ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሳሌርኖ፣ ቀጥሎ አንዚዮ። አንዚዮ ላይ ወራት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ከረሙ። አብረውት የመጡት ልጆች አንድ በአንድ አለቁ።

ነሐሴ 15 ቀን 1944 ደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ላይ ወረዱ። የቅርብ ጓደኛው ላቲ ቲፕተን ጀርመኖች እጅ የሰጡ መስለው ሲያሳዩ አምኗቸው ከመሸገበት ቀና አለ። ተኩሰው ገደሉት። ኦዲ ከዚያ በኋላ የሆነው ሰው ሌላ ነው። ብቻውን ወደፊት ሄዶ ምሽጉን ያዘ። ለዚህ ሥራው የአገሪቱን ሁለተኛ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ሰጡት። ጓደኛውን ግን ሜዳልያ አይመልስም።

ጥቅምት ላይ አነጣጣሪ ተኳሽ ዳሌውን መታው። ቁስሉ በስብሶ ሳምንታት ሆስፒታል ተኛ። ጥር ላይ ወደ ግንባር ተመለሰ። ያኔ ምክትል መቶ አለቃ ሆኗል።

ጥር 26 ቀን 1945። ሆልትስቪር የምትባል የምሥራቅ ፈረንሳይ መንደር አጠገብ፣ በበረዶ ውስጥ። ሻምበሉ በውጊያ ተመናምኖ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ኦዲ አዛዥ ሆኗል። 6 የጀርመን ታንኮችና በመቶዎች የሚቆጠር እግረኛ መጡባቸው። ኦዲ ወታደሮቹን ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ አዘዘ። እሱ ግን በመስክ ስልክ መድፈኞቹን ለመምራት እዚያው ቀረ።

አጠገቡ የተመታ ፀረ ታንክ ተሽከርካሪ እየነደደ ነበር። ነዳጅም ጥይትም ውስጡ አለ፣ በማንኛዋም ደቂቃ ሊፈነዳ ይችላል። ኦዲ እላዩ ላይ ወጣ። በላዩ ያለውን ከባድ መትረየስ ይዞ ለአንድ ሰዓት ያህል ተኮሰ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መትረየስ። እግሩን ቆሰለ፣ አልወረደም። ድጋፍ የሚሰጣቸውን እግረኛ ያጡት ታንኮች ወደኋላ ማለት ጀመሩ። ከዚያ ወርዶ እያነከሰ ወደ ልጆቹ ሄደ፤ ልታከም ሳይል ይዟቸው መልሶ አጠቃ።

19 ዓመቱ ነበር።

ሰኔ 1945 የአገሪቱ ትልቁ ሽልማት፣ የክብር ሜዳልያ፣ አንገቱ ላይ ታሰረ። የአሜሪካ ምድር ጦር ለጀግንነት የሚሰጠውን ሽልማት ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። የፈረንሳይና የቤልጂየምም ተጨመረለት። ሐምሌ ላይ ላይፍ መጽሔት የዚያን የሕጻን ፊት ሽፋኑ ላይ አወጣው። ባገኘው ገንዘብም ለታላቅ እህቱ ቤት ገዛ። ሐሳቡ ማሳደጊያ ያሉት ታናናሾቹ መጥተው አብረዋት እንዲኖሩ ነበር።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። የኦዲ ጦርነት ግን ገና መጀመሩ ነው።

ተዋናዩ ጄምስ ካግኒ የመጽሔቱን ፎቶ አይቶ ሆሊውድ ጠራው። መጀመሪያ ላይ ሥራም ብርም አልነበረም፤ ስፖርት ቤት ውስጥ እያደረ ነው የታገለው። ቀስ በቀስ ግን ተሳካለት። ከ40 በላይ ፊልሞች ሠራ፣ አብዛኞቹ የካውቦይ ናቸው። በ1949 የጦርነት ትዝታው በመጽሐፍ ወጣ፤ የርዕሱ ትርጉም ሲኦል ደርሶ መልስ እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለሁለት የሞቱ ጓደኞቹ ነው፤ አንዱ ቲፕተን። በ1955 መጽሐፉ ፊልም ሲሆን ኦዲ ራሱን ሆኖ እንዲተውን ተጠየቀ። መጀመሪያ አልፈለገም። በኋላ እሺ አለና የጓደኛውን ሞት ካሜራ ፊት ደግሞ ኖረው። ፊልሙ ለዩኒቨርሳል ስቱዲዮ እስከ 1975 ድረስ ያልተሰበረ የገቢ ሪከርድ አስመዘገበለት።

ሌሊት ሌሊት ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ የለም። የተኛ ዕለት ቅዠት አለ። ትራሱ ሥር የጎረሰ ሽጉጥ አስቀምጦ ነበር የሚተኛው። የመጀመሪያ ሚስቱ ተዋናይት ዋንዳ ሄንድሪክስ አንድ ጊዜ ሽጉጥ ደግኖባት እንደነበር ተናግራለች፤ ትዳሩ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ይሄንን ደብቀን ጀግንነቱን ብቻ ብናወራ ታሪኩን ዋሸነው ማለት ነው። የጦርነቱን ዋጋ እሱ ብቻ አልከፈለም፤ አጠገቡ የተኛችውም ከፍላለች።

ለእንቅልፍ ብሎ የጀመረው ፕላሲዲል የተባለ ኪኒን ሱስ ሆነበት። ማቆም ሲፈልግ አንድ ሞቴል ገብቶ በሩን በራሱ ላይ ቆለፈና ሳምንት ያህል ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ወጣለት። ቁማርና የፈረስ ውርርድ ደግሞ ገንዘቡን በላው። ዕዳ ውስጥ ሆኖም የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ሥራ፣ ጥሩ ብር ይከፈልሃል ሲሉት፣ እምቢ አለ። ወጣቶች እኔን ያያሉ የሚል ሐሳብ ነበረው።

እንደኛ እምነት ግን ትልቁ ጀግንነቱ የሚነደው ተሽከርካሪ ላይ የወጣው አይደለም። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ጭንቀት አለብኝ ብሎ አይናገርም፤ ነውር ነው። በዚያ ላይ የአገር ጀግና! ኦዲ ግን በአደባባይ ተናገረ። ከኮሪያና ከቬትናም ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮች አእምሯቸው ተጎድቶ እንደሚመጣ፣ መንግሥትም ሊያጠናውና ሊያሳክማቸው እንደሚገባ ወተወተ። ያኔ ለሕመሙ የነበረው ስም የውጊያ ድካም የሚል ነበር። ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለው ስም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ኦዲ አላየውም።

ግንቦት 28 ቀን 1971፣ ጭጋግና ዝናብ በነበረበት ቀን፣ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ ላይ ተከሰከሰች። የተሳፈሩት በሙሉ አለቁ። ኦዲ 45 ዓመቱ ነበር።

አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረ። የክብር ሜዳልያ ተሸላሚዎች የመቃብር ድንጋይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። የእሱ ግን እንደማንኛውም ተራ ወታደር ነጭ ድንጋይ ነው፤ እንደዚያ እንዲሆን ስለፈለገ። ያም ሆኖ እዚያ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚጎበኘው መቃብር የእሱ እንደሆነ ይነገራል። ሁለተኛ ሚስቱ ፓሜላ ደግሞ ሁለት ልጆችና ዕዳ ይዛ ቀረች። ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተቀጥራ ከ30 ዓመት በላይ ሠራች። ባሏ ይታከሙ ብሎ የጮኸላቸውን ሰዎች ስታገለግል ዕድሜዋን ጨረሰች።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የዛሬው አሜሪካዊ ይችላል?

ቁጥሮቹ አያበረታቱም። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2020 ያወጣው ጥናት ከ17 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች 77 በመቶው ያለ ልዩ ፈቃድ ለውትድርና ብቁ እንደማይሆኑ ያሳያል። ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የአካልና የአእምሮ ጤና ነው ምክንያቱ። በ2022 ደግሞ ምድር ጦሩ ሊመለምል ካሰበው 15,000 ያህል ሰው ጎድሎበታል። ይሄን አይቶ ልፍስፍስ ትውልድ ማለት ቀላል ነው።

ግን በ1942 ሚዛኑ ላይ የቆመውን የ51 ኪሎ ልጅ ያዩት ሰዎችም ቀላሉን ነበር ያሉት። የሚዛኑ ቁጥር ትክክል ነበር፤ ከቁጥሩ ተነስተው ስለ ልጁ የደመደሙት ግን ስህተት። ማን እንደሚችል ቀድሞ አይታወቅም፣ ቀኑ ሲመጣ ነው የሚለየው። ዛሬ ስልክ ላይ ተጥዶ የምናየው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን እሱ ራሱም አያውቅም።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ቻለ የምንለው ሰው በነጻ አልቻለም። ኦዲ ግንባር ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን 26 ዓመት ሙሉ፣ ሽጉጥ ትራሱ ሥር አድርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ትውልድ ጦርነት ይችላል ወይ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ የቻለውን ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ማን ይችለዋል ብለን ብንጠይቅ ይሻላል ባዮች ነን።

እናንተስ ቤተሰቦቻችን ምን ትላላችሁ? ጥንካሬ ማለት አለመውደቅ ነው ወይስ ወድቄያለሁ፣ አግዙኝ ማለት? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ ታሪኩ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰውም ሼር አድርጉት።