ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ የጦር መሪና ዳኛ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቁት ይልቁንም በጦር ሚኒስትርነታቸው ነው። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ስማቸውን በፍቅር የሚያነሣው በፍርዳቸው ነው። ከዚህም እኛ ተማሪዎች የምንማረው ትምህርት ስላለ፣ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን በአጭሩ ማቅረብ መልካም ሆኖ አገኘነው።

ፊታውራሪ የተወለዱት በሸዋ፣ በጨቦ አገር፣ ከኦሮሞ ወገን ነው። ገና ልጅ ሳሉ በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት መጡ። ዘመድ የሌለው ምርኮኛ ልጅ አቤት የሚልበት እንደማይኖረው የታወቀ ነው። እርሳቸው ግን በትጋታቸውና በአስተዋይነታቸው ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ወጡ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቱ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር፣ ፊታውራሪን የጦር ሚኒስትር አደረጓቸው።

በዚያ ዘመን የአስተዳደርና የዳኝነት ሥራ ገና አልተለየም ነበር። አገር የሚገዛው ሹም ችሎት ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተሳስረው ይመጣሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ ውርርድ ይገጥማሉ። የጦር አዛዡም ፊታውራሪ እንዲሁ ይፈርዱ ነበር። የተወሳሰበውን ነገር ስለሚፈቱም ሕዝቡ አባ መላ ብሎ ጠራቸው።

ከሚተረኩላቸው ፍርዶች አንዱ ይህ ነው። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ሰው ገደለ፤ ራሱ ግን ተረፈ። የሟች ወንድም ካሣም ዕርቅም አልቀበልም፣ ደም በደም ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። ፊታውራሪም ነገሩን ከሰሙ በኋላ ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ ከሳሹም ዛፉ ላይ ወጥቶ ይውደቅበት ብለው ፈረዱ ይባላል። ከሳሹ የዛፉን ከፍታ ባየ ጊዜ ቂሙን ትቶ ዕርቅን መረጠ።

ይህ ታሪክ የሚያስቅ ቢመስልም በውስጡ የሰው ሕይወት አለበት። ዳኛው ከሳሹን እሺ ብሎት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ይሞት ነበር፤ እምቢ ብሎ ብቻ ቢያሰናብተው ደግሞ ወንድም ራሱ ደሙን ሊመልስ ጦሩን ያነሣ ነበር። በእኛም በአዳሚ ቱሉ አካባቢ፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፣ ነፍስ በጠፋ ጊዜ ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ካሣ አስከፍለው ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቁት ደም ደምን እየጠራ እንዳይቀጥል ነው።

ነገር ግን አስተዋይ ዳኛ ማግኘት በዚያን ጊዜ የዕድል ነገር ነበር። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ለይግባኝ አዲስ አበባ ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ስንቅ የሌለው ድኻ ግን መንገዱን ሳይጀምር መብቱን ይተው ነበር።

ፊታውራሪ በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሰው በድንገተኛ አደጋ ለደረሰ ነገር እንዳይቀጣ ይደነግጋል። እርሳቸው በብልኀት ያዳኑትን ዓይነት ሰው ዛሬ ሕጉ ራሱ ያድነዋል ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ዳኝነትን ከአስተዳደር ለይቶ ዳኛው ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ አዘዘ። ፍርድ ቤትም እስከ ወረዳ ድረስ ወርዷል።

ሆኖም ሕግ ቢጻፍ የሚያነበው ሰው ነው። የተከሳሹን አሳብ ከድርጊቱ ለይቶ የማይመረምር፣ ባለጠጋውን አስቀምጦ ድኻውን የሚያቆም ዳኛ ካለ፣ መጽሐፉ ብቻውን አይፈርድም። ከመካከላችን ነገ በችሎት የሚቀመጡ ይኖራሉ። እነርሱም ያን ምርኮኛ ልጅ ያስታውሱ፤ ከፊታቸው የሚቆመው ሰው አቤት የሚልበት ሌላ ላይኖረው ይችላልና።