የኦስዋልድ ኤቨሪ የሕይወት ታሪክ

ኦስዋልድ ኤቨሪ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሃሊፋክስ ከተማ ከአንድ ሰባኪ ቤት ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወደ ኒው ዮርክ ይዘውት ሄዱ። በወጣትነቱ ጥሩንባ መንፋት ይወድ ነበረ፤ በኮልጌት ሲማርም ይበልጥ የተጋው ለሥነ ጽሑፍና ለንግግር ትምህርት ነበረ። ኋላ ግን በ1904 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ።

ሐኪም ሆኖ ጥቂት ጊዜ እንደ ሠራ ልቡ አዘነ፤ የሳንባ ሕመምተኞች ሲመጡ የሚያድንበት መድኃኒት አልነበረውምና። ስለዚህ ሕሙማንን ማከም ትቶ ወደ ምርምር ገባ። ከ1913 ጀምሮ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል ሆኖ የሳንባ ምችን ባክቴሪያ፤ ይኸውም ኒሞኮከስን ሲመረምር ኖረ።

ይህ ባክቴሪያ እንደ ጋሻ የሚከልለው ልባስ አለው። ጋሻው ሳይገፈፍ የሰውነታችን ነጭ የደም ሴሎች በቀላሉ ሊያጠፉት አይችሉም። ኤቨሪና ማይክል ሃይደልበርገር በ1923 ልባሱ ከስኳር ወገን መሆኑን ገለጡ። እንግዲህ ይህን ጋሻ የሚበላ ከየት ይገኝ? ከፈረንሳይ የመጣው ወጣት ሬኔ ዱቦስ ነገሩን በአፈር አሰበው፤ እንዲህ ያለ ስኳር ተጠራቅሞ ምድርን አልሞላም፤ ስለዚህ የሚበላው ፍጥረት በአፈር ውስጥ አለ ማለት ነው። በእርግጥም ከኒው ጀርሲ ረግረግ አፈር ባክቴሪያው ተገኘ። በ1930 ዱቦስና ኤቨሪ ኤንዛይሙን ለዓለም ገለጡ፤ ኤንዛይሙ የተሰጣቸው አይጦችም ከሞት ተረፉ።

ነገር ግን ኤንዛይሙ ለሰው መድኃኒት ሳይሆን የሰልፋ መድኃኒቶች፤ ቀጥሎም ፔኒሲሊን ቀደሙት። ኤቨሪ በዚህ ተስፋ አልቈረጠም። በ1944 ከኮሊን ማክሊዮድና ከማክሊን ማካርቲ ጋር ሆኖ አንዱን የኒሞኮከስ ዓይነት ወደ ሌላው የሚለውጠውን ነገር ለየ። ለዚህም ምስክሮቹ ኤንዛይሞች ነበሩ፤ ፕሮቲን የሚያፈርሱት ምንም አላደረጉትም፤ ዲኤንኤ የሚያፈርሰው ግን ኃይሉን አጠፋው። በዚህ ጂን ከዲኤንኤ የተሠራ መሆኑ ተገለጠ። ብዙዎች ወዲያው አላመኑትም፤ የኖቤል ሽልማትም ሳያገኝ በ1955 በናሽቪል ከተማ ዐረፈ።

ሥራው ግን አልሞተም። በ2018 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ልባስ የሚበላ የአፈር ባክቴሪያ ኤንዛይም ከነጂኑ ለይተው አወጡ። ለሕፃናት የሚሰጠውና በ2011 ወደ አገራችን የገባው የኒሞኮከስ ክትባትም የሚሠራው ከዚያው ከልባሱ ስኳር ነው። ታናሽ እኅቴ ይህን ክትባት ተከትባለች፤ እኔም የኤቨሪን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

በአገራችንም ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች የተገኙ ባክቴሪያዎች ኤንዛይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርምሯል። ውድ ጓደኞቼ! እኛ የጎሮ ልጆች ለቤት መሠረት ሲቈፈር የሚወጣውን ጥቁር አፈር በየቀኑ እንረግጣለን። በውስጡ ስንት ያልታወቀ ኤንዛይም እንዳለ ገና አልተቈጠረም። እንግዲህ ተግተን እንማር፤ መርማሪውም ከመካከላችን ይውጣ።