ጆን ሆፕኪንሰን፤ የጄኔሬተሮችን ኅብረት በሒሳብ ያስረዳ መሐንዲስ

በመቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋዋት የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር፣ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ተነጥሎ ለኢሉባቦር ከተሞች መብራት የሚሰጥ ጣቢያ ነበር። እንዲህ ባለ ትንሽና ገለልተኛ መረብ ውስጥ፣ በሥራ ላይ ባለው ጄኔሬተር ላይ ሌላ መጨመር ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጊዜውን ሳይጠብቅ ብሬከሩን የዘጋ ባለሙያ መኪናውን ሊጎዳ፣ ከተሞቹንም በጨለማ ሊያስቀር ይችላል፤ ከሌላ ቦታ የሚደርስ ኃይል የለምና። ይህ ተግባር የሚቻልበትን ምክንያት በሒሳብ ያስረዳው ሰው ጆን ሆፕኪንሰን ነው።

ሆፕኪንሰን ጁላይ 27 ቀን 1849 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለደ። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1871 በሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጣ። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ መቅረትን አልመረጠም፤ በማግስቱ ዓመት ቻንስ ወንድማማቾች በተባለው የመስተዋት ፋብሪካ ገብቶ፣ ለመርከቦች መንገድ በሚያመለክቱ የባሕር ዳር የመብራት ማማዎች ላይ ሠራ። በ1882 መዳብ የሚቆጥበውን ባለ ሦስት ሽቦ የኃይል ማከፋፈያ ዘዴ አስመዘገበ።

በዚያ ዘመን ተለዋዋጭ ኮረንት የሚሰጡ ጄኔሬተሮችን በአንድ መስመር ማሠራት አጠራጣሪ ነገር ነበር። ሄንሪ ዊልድ የተባለው የማንቸስተር ሰው መኪናዎቹ እርስ በርስ እንደሚያያዙ ከ15 ዓመት በፊት አይቶ ነበር፤ ግኝቱ ግን ተዘንግቶ ቀረ። ሆፕኪንሰን በ1883 እና በ1884 ባቀረባቸው ጥናቶች ነገሩን በሒሳብ ገለጠው። በትይዩ ከተያያዙት አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በሁለቱ መካከል የሚፈሰው ኮረንት የቀደመውን ይይዘዋል፤ የዘገየውን ይገፋዋል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን ኅብረታቸው አይጸናም። ይህንንም ሳውዝ ፎርላንድ በተባለው የመብራት ማማ ከፕሮፌሰር አዳምስ ጋር በሙከራ አረጋገጠ።

ይሁንና ሒሳቡ የባለሙያውን እጅ ከኃላፊነት አላወጣውም። መኪናዎቹ የሚሳሳቡት ቮልቴጃቸው፣ ፍሪኩዌንሲያቸውና ፌዛቸው ሲቀራረብ ብቻ ነው። ቀደምት ሠራተኞች በሁለቱ መካከል አምፖል አስረው ቀስ ብሎ ሲበራና ሲጠፋ እያዩ፣ በጨለመበት ቅጽበት ይዘጉ ነበር። አምፖል ግን ልዩነቱ ፈጽሞ ሳያልቅ ይጨልማል፤ የትኛው መኪና እንደሚፈጥንም አይናገርም። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የመጣው ሲንክሮስኮፕ ይህን ጉድለት ሞላ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ሲዞር መጪው ጄኔሬተር ይፈጥናል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይዘገያል። ባለሙያው ቀስቱ በዝግታ ወደ ቀኝ እየዞረ ከላይ ወዳለው ምልክት ሲቃረብ፣ ብሬከሩ ለመዝጋት የሚፈጅበትን ጊዜ አስቦ ጥቂት ቀደም ብሎ ያዛል። ኋላም ይህን ሥራ በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ ተሠራ።

ሆፕኪንሰን የእንግሊዝን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ሁለት ጊዜ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ኦገስት 27 ቀን 1898 በስዊስ ተራራ ሲወጣ ከአንድ ወንድ ልጁና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር በአደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 49 ነበር። በሕይወት የተረፉት ባለቤቱና ልጁ በርትራም በስሙ ለካምብሪጅ የምሕንድስና ቤተ ሙከራ ማስፋፊያ ገንዘብ ሰጡ።

መሣሪያው በራሱ በሚሠራበት ጣቢያም ቢሆን፣ መሣሪያው በተበላሸ ሌሊት ከተሞቹ የሚጠብቁት ቀስቱን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ለወጣት ባልደረቦቻችን ብሬከር መዝጋትን ስናስተምር፣ የሆፕኪንሰንን ሒሳብ አብረን ልናስተምራቸው ይገባል።