ያልተወለዱትን በመቁጠር የራጅን ጉዳት ያጋለጠው ሳይንቲስት፦ ሄርማን ሙለር ማን ነበር?

ለመኖሪያ ፈቃድ የጤና ምርመራ ሄደው የደረት ራጅ ተነስተው ከሆነ ሂደቱን ያውቁታል። ደረትዎን ሰሌዳው ላይ አስጠግተው ትንፋሽዎን እንዲይዙ ይነገርዎታል፤ ባለሙያው ግን ከግድግዳው ጀርባ ይሄዳል። ሴት ከሆኑ ደግሞ ከዚያ በፊት ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆንዎን ይጠየቃሉ። የሚያም ነገር የለም፤ የሚሸትም የሚታይም የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው?

የመልሱ ትልቅ ክፍል ከአንድ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ሄርማን ጆሴፍ ሙለር የራጅ ጨረር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጉዳት እንደሚያደርስ በቁጥር ያረጋገጠ፣ ለዚህም በ1946 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግኝቱ ዝና ሰጥቶታል። ያወቀውን በይፋ ከመናገር አለመቆጠቡ ግን ከሁለት ኃያላን መንግሥታት ጋር አጋጭቶታል።

ከሐርለም ወደ ዝንቦቹ ክፍል

ሙለር የተወለደው ታኅሣሥ 21 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን ያደገው በሐርለም ነው። አባቱ ቤተሰቡ በያዘው የነሐስ ጌጣ ጌጥ ሥራ ይተዳደር ነበር። ሙለር ገና ልጅ ሳለ አባቱ በመሞታቸው ቤተሰቡ ኑሮ ከበደው። ልጁ ግን በትምህርቱ ጎበዝ ነበርና በ16 ዓመቱ በነጻ የትምህርት ዕድል ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጎን ለጎንም እየሠራ ተማረ።

በዚያን ጊዜ በኮሎምቢያ የቶማስ ሃንት ሞርጋን አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነበረ። በመደርደሪያዎቹ ላይ የወተት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በጠርሙሶቹ ውስጥም ሙዝ የሚመገቡ ጥቃቅን የፍራፍሬ ዝንቦች ይርመሰመሱ ነበር። ዝንቧ የተመረጠችው በምክንያት ነው። አዲስ ትውልድ ለማፍራት ሁለት ሳምንት አይፈጅባትም፤ ክሮሞዞሞቿም አራት ጥንድ ብቻ ናቸው። ሙለር ከሌሎች ወጣቶች ጋር ሆኖ ዘረመሎች በክሮሞዞም ላይ በተርታ የተቀመጡ መሆናቸውን ያሳየውን ሥራ ተካፍሏል፤ በ1916ም የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ።

በአረብኛ ይህ ሳይንስ ዒልም አል ዊራሳ ይባላል። ዊራሳ የሚለው ቃል እኛ ወረሰ፣ ወራሽ፣ ውርስ ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው። በዘረመል ላይ በድንገት የሚደርሰው ለውጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ ደግሞ በአረብኛ ጠፍራ ይባላል፤ ትርጉሙ ዝላይ ማለት ነው። የሙለር ጥያቄ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ውርሱ ከትውልድ ትውልድ ሳይዛነፍ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ዝላዩን የሚያመጣው ምንድን ነው?

ችግሩ ዝላዩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት መሆኑ ነበር። በሞርጋን ቤተ ሙከራ አንድ አዲስ ለውጥ ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ዝንቦችን በአጉሊ መነጽር መመርመር ያስፈልግ ነበር። በዚህ ላይ አብዛኞቹ ለውጦች ዓይን ወይም ክንፍ ላይ የሚታዩ አልነበሩም፤ ፅንሱን ገድለው አብረውት ይጠፋሉ። የማይታየውን እንዴት መቁጠር ይቻላል?

ያልተወለዱትን መቁጠር

ሙለር መልሱን ያገኘው በኦስቲን ከተማ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ነው። ዘዴውን ቀስ ብለን እንየው።

በፍራፍሬ ዝንብም እንደ ሰው ሴቷ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ወንዱ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው ያለው። ወንዱ ኤክሱን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። በዚያ ኤክስ ላይ ገዳይ ጉድለት ካለ መተኪያ ስለሌለው ሳያድግ ይሞታል።

ሙለር ከሁለቱ ኤክስ አንደኛው ምልክት ያለበት የሆኑ ሴት ዝንቦችን አዘጋጀ። ምልክት ያለበት ክሮሞዞም ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ ዓይንን የሚያጠብ ባሕርይ፣ የወረሰውን ወንድ ሁሉ የሚገድል ጉድለት፣ እንዲሁም ከጥንዱ ጋር ቁራጭ እንዳይለዋወጥ የሚያግድ ለውጥ። እነዚህን ሴቶች የራጅ ጨረር ካረፈባቸው ወንዶች ጋር አዳቀላቸው። ከተወለዱት ሴቶች መካከል ጠባብ ዓይን ያላቸውን ለየ። እነዚህ ምልክት ያለበትን ኤክስ ከእናታቸው፣ ጨረር ያረፈበትን ኤክስ ከአባታቸው ወርሰዋል። እያንዳንዷንም ለብቻዋ በየብልቃጡ አስገብቶ እንድትራባ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብልቃጡን አንስቶ ማየት ነው። ምልክት ያለበትን ኤክስ የወረሱት ወንዶች ሁልጊዜም ይሞታሉ። ጨረር ያረፈበትን ኤክስ የወረሱት ግን ጨረሩ ካልጎዳው በሕይወት ይወጣሉ። በብልቃጡ ውስጥ ሴቶች ብቻ ተገኝተው አንድም ወንድ ከሌለ፣ ጨረሩ ለሕይወት አስፈላጊ የሆነ ዘረመል አበላሽቷል ማለት ነው። ሙለር ጉዳቱን የቆጠረው ባሉት ዝንቦች ሳይሆን በሌሉት ነው።

ሙከራውን በ1926 መጨረሻ ጀመረ። ውጤቱ እሱንም የሚያስደነግጥ ነበር። ከፍተኛ ጨረር ባገኙት ዝንቦች ላይ የሚውቴሽን መጠኑ በተፈጥሮ ከሚከሰተው ወደ 150 እጥፍ አደገ። በ1927 አጭር ጽሑፍ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በርሊን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ደግሞ ዝርዝር መረጃውን አቀረበ። የ36 ዓመቱ መምህር በአንድ ጊዜ በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ።

በጊዜው ዘረመል ከዲኤንኤ የተሠራ መሆኑ አልታወቀም ነበር። ዛሬ ግን በእነዚያ ብልቃጦች ውስጥ የሆነውን መናገር ይቻላል። የራጅ ጨረር የዲኤንኤን ክር በቀጥታ ይመታል፤ አልያም በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሰባብሮ ዲኤንኤን የሚያጠቁ ቅንጣቶች ይፈጥራል። ከጉዳቶቹ ሁሉ ከባዱ የዲኤንኤ ሁለቱም ክሮች አብረው ሲበጠሱ ነው። ሕዋሱ ብጥስጣሹን ለመቀጠል ይሞክራል፤ ሲሳሳት ግን ስህተቱ ቋሚ ይሆናል። ስህተቱ በሰውነት ሕዋስ ላይ ከሆነ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል፤ በዘር ሕዋስ ላይ ከሆነ ደግሞ ለልጅ ይተላለፋል።

በሁለት አምባገነኖች መካከል

ዝናው እረፍት አልሰጠውም። ትዳሩ ተናጋ፤ በግራ ዘመም አመለካከቱ የተነሳም በቴክሳስ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በ1932 መጀመሪያ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። በዚያው ዓመት ወደ በርሊን ተጓዘ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ሙለርም በ1933 ወደ ሶቪየት ኅብረት አመራ።

የጋበዘው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1927 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዝርያዎችን ሰብስቧል፤ በወቅቱ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋርም ተገናኝቷል።

ሙለር በሌኒንግራድና በሞስኮ ትልቅ ቤተ ሙከራ መራ። ይሁን እንጂ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ ዘረመል የሚባል ነገር እንደሌለና የሰብልን ዘር በአካባቢ ሁኔታ መለወጥ እንደሚቻል እያወጀ የስታሊንን ድጋፍ አገኘ። በታኅሣሥ 1936 ሞስኮ ውስጥ በተካሄደው ስብሰባ ሙለር ሊሴንኮን በአደባባይ ተቃወመ። የዚህ ዓይነቱ ድፍረት ዋጋ የሚከፈለው በሕይወት ነበር። ቀደም ሲል በቴክሳስ አብረውት ከሠሩት ሶቪየታውያን መካከል ኢዝራኤል አጎል በ1937፣ ሶሎሞን ሌቪት በ1938 ተገደሉ። ቫቪሎቭ በ1940 ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፈ።

እዚህ ላይ የሙለርን ደካማ ጎንም ማለፍ አይገባም። ከተመረጡ ወንዶች በሚወሰድ ዘር የሰውን ልጅ ዝርያ ማሻሻል ይቻላል ብሎ ያምን ነበር፤ በ1936 ይህንኑ ሐሳብ በደብዳቤ ለስታሊን አቅርቧል። በዘርና በመደብ ጥላቻ ላይ የተመሠረተውን የአሜሪካውያንን ተመሳሳይ እንቅስቃሴ በ1932 በግልጽ ቢያወግዝም፣ የራሱን ሐሳብ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። የተመረጠውን ሰው ማን ይመርጠዋል ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው የሚቀበለው መልስ አልነበረውም።

ስታሊን ሐሳቡን አልወደደውም። በ1937 ሙለር ከሶቪየት ኅብረት የሚወጣበትን መንገድ አገኘ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ወደሚካሄድባት ስፔን ሄዶ በማድሪድ የካናዳዊው ሐኪም ኖርማን ቤቲዩን ባቋቋመው የደም ልገሳ ቡድን ውስጥ ለሳምንታት አገለገለ። ከዚያም በስኮትላንድ ኤድንብራ ተጠለለ።

በኤድንብራ በነበረበት ወቅት ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተከናወኑ። የመጀመሪያው በ1938 በጨረር የተሰበሩ ክሮሞዞሞችን ሲያጠና ያስተዋለው ነው። የተሰበረ ጫፍ ከሌላ የተሰበረ ጫፍ ጋር ይጣበቃል፤ የክሮሞዞም የተፈጥሮ ጫፍ ግን እንደ ታሸገ ነገር በቦታው ይቆያል። ይህን ጫፍ ቴሎሜር ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ከናዚ ጀርመን የተሰደደችውን አይሁዳዊት ሳይንቲስት ሻርሎት አውርባክን ወደ ሚውቴሽን ጥናት መምራቱ ነው። አውርባክ ከጆን ሮብሰን ጋር ሆና የሰናፍጭ ጋዝ እንደ ራጅ ሚውቴሽን እንደሚያመጣ አረጋገጠች። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በመሆኑ ግኝቱ ዝርዝሩ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ዝም እንዲል የተፈለገው የኖቤል ተሸላሚ

ሙለር በ1940 ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በ1945 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሥራ አገኘ። ኋላ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን በዚያ የእሱን ትምህርት ተከታትሏል። የኖቤል ሽልማቱ በ1946 ሲመጣ የሂሮሺማና የናጋሳኪ ቦምቦች ከተጣሉ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። ለ19 ዓመታት ሲናገር የቆየው ጉዳይ በድንገት የዓለም ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

በዚያን ዘመን ራጅ እንደ ዛሬው በጥንቃቄ አይያዝም ነበር። የጫማ መደብሮች የደንበኛውን እግር ጫማው ውስጥ ለማየት የራጅ ማሽን ያቆሙ ነበር፤ ልጆችም ጣቶቻቸውን ለማየት ይሻሙበት ነበር። መካንነትን ለማከም የሴት ማኅፀን አካባቢን በጨረር የሚመቱ ሐኪሞችም ነበሩ። ሙለር ሐኪሞች የታካሚዎችን የዘር አካላት እንዲከልሉና አላስፈላጊ ራጅ እንዲተዉ አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ከብዙዎቹ ያገኘው ምላሽ ቁጣ ነበር።

በ1948 ሊሴንኮ በሶቪየት ኅብረት ሙሉ ድል ሲያገኝ ሙለር ከሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ አባልነቱ ለቀቀ። በ1955 ደግሞ ተራው የአሜሪካ ሆነ። በጄኔቫ ስለ ሰላማዊ የአቶሚክ ኃይል በተጠራው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ጽሑፉን እንዳያቀርብ የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ከለከለው። በዚያው ዓመት የኑክሌር ጦርነትን አደጋ ያስጠነቀቀውን የራስልና የአይንስታይን መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?

የሙለር ታሪክ ራጅን እንዲፈሩ አያደርግዎትም፤ ሊያደርግዎትም አይገባም። በዘመናዊ ማሽን የሚነሳ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር፣ ማንኛውም ሰው በአሥር ቀን ገደማ ከአፈር፣ ከአየርና ከሕዋ ከሚያገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከአቶሚክ ቦምብ በተረፉት ሰዎች ላይ ካንሰር መጨመሩ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ በወለዷቸው ልጆች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ሙለር የፈራውን ያህል የሚተላለፍ ጉዳት አላገኙም። ስለ በጣም ዝቅተኛ ጨረር ያለው ክርክር ደግሞ በሳይንቲስቶች መካከል ዛሬም አልተዘጋም።

የተለወጠው አሠራሩ ነው። ጨረር የሚሰጠው ጥቅሙ ከጉዳቱ ሲበልጥ ብቻ መሆን አለበት። ባለሙያው ከግድግዳ ጀርባ የሚቆመው በቀን ብዙ ሰው ስለሚያነሳ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ፣ ሥራ ወይም ፈቃድ ይቀርብኛል ብለው ሳይደብቁ አስቀድመው ይናገሩ፤ በፍጥነት በሚከፋፈለው የፅንስ ሕዋስ ላይ የሚደርስ ጉዳት ከባድ ነው። ቀደም ብሎ የተነሳ ፊልም ካለዎትም ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ድጋሚ መነሳት ላያስፈልግ ይችላል።

ያው ጉዳት ለመዳኛም ይውላል። የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሠራው የዕጢውን ዲኤንኤ ከመጠገን በላይ እንዲሆን አድርጎ በመሰባበር ነው። አዳዲስ መድኃኒቶች ለሰው ከመሰጠታቸው በፊት ዘረመልን ያበላሹ እንደሆነ በባክቴሪያ ላይ ተሞክሮ ይቆጠራል፤ የሙለር የመቁጠር ሐሳብ በየቤተ ሙከራው አለ ማለት ነው።

ሙለር ሚያዝያ 5 ቀን 1967 በኢንዲያናፖሊስ በ76 ዓመቱ አረፈ። የክሮሞዞም ጫፍ እንዴት እንደሚጠበቅ ያወቁ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ2015 ደግሞ ሽልማቱ የተጎዳ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚጠገን ላሳዩት ለቶማስ ሊንዳል፣ ለፖል ሞድሪች እና ለአዚዝ ሳንጃር ተሰጠ። ሳንጃር ፀሐይ የምታደርሰውን ጉዳት ሕዋስ እንዴት ቆርጦ እንደሚያወጣና እንደሚተካ የገለጠ ሳይንቲስት ነው። በቱርክ ማርዲን ግዛት በምትገኘው ሳቩር ከተማ ሲወለድ ዘመኑ 1946 ነበር፤ ሙለር ጉዳቱን በመቁጠሩ የተሸለመበት ዓመት።